ቫይታሚን ሲ የእግር እብጠት ይቀንሳል? እማዬ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ነው የምታድረው

የእማዬ ልጅ (ጥያቄውን የከፈተች) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ግፊት አለባት፤ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች። ካለፈው ሁለት ወር ወዲህ ግን እግሯ ያብጣል። ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ይጠፋል። ትናንት ካልሲዋን ሳወልቅላት ላስቲኩ እግሯ ላይ ቀለበት ሠርቶ ቀርቷል። እስክንተኛ ድረስ አልጠፋም።

ጎረቤታችን "ቫይታሚን ሲ ስጫት፣ ውሃውን በሽንት ያወርደዋል" አለችኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ባለ 1000 ይዛልን መጥታ ነበር። ሦስት ቱቦ። ጠዋት አንድ፣ ማታ ልትተኛ ስትል አንድ፣ በትልቁ ኩባያ እየበጠበጥኩ መስጠት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

አሁን ሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ነው። በጨለማ እንዳትወድቅብኝ እኔም አብሬያት እነሳለሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሽንቷ መብዛቱ ቫይታሚኑ እየሠራ ነው ማለት ነው? እግሯ ግን ያው ነው። እንደውም የባሰበት ይመስለኛል። መጠኑን ልጨምር ወይስ ላቁም?

ዝንጅብል በማር | 3፡25

እህቴ፣ እኔ ምስክር ነኝ፤ እንዳታቆሚ። አምና ፊቴና እጄ አብጦ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ባለ 1000 ወሰድኩ፣ ጨው ተውኩ፣ ውሃ በደንብ ጠጣሁ። በሳምንቱ ቀለለኝ። ሽንቴማ ለጉድ ነበር። ቫይታሚን ሲ የተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም።

ፋርማሲስቱ | 3፡52

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። መጠኑን አትጨምሪ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ጥቂት ልጠይቅሽ።

የግፊት መድኃኒቷ ስሙ ማነው? ስንት ሚሊ ግራም? በቅርቡ ተቀይሯል? እብጠቱ ሁለቱም እግር ላይ ነው ወይስ አንዱ ላይ ብቻ? ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ ከፊት በኩል አጥንቱ ላይ፣ በአውራ ጣትሽ አምስት ሰከንድ ያህል ተጫኚው። ስታነሺው ጉድጓድ ይቀራል? ስትተኛ ትራስ ትደራርባለች? ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል? ጠዋት ፊቷ ያብጣል? ሽንቷስ አረፋ ይበዛዋል?

ጥያቄ ያበዛሁት እብጠት የብዙ ነገር ምልክት ስለሆነ ነው። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። ሁለቱም ከሆነ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ እንዲሁም የምትወስደው መድኃኒት መታየት አለበት።

የእማዬ ልጅ | 4፡20

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሄጄ አየኋት። መድኃኒቱ አምሎዲፒን ነው። 5 ነበር የምትወስደው፤ ግፊቷ አልወርድ ሲል ከሁለት ወር በፊት ወደ 10 ከፍ አደረጉላት። እብጠቱ ሁለቱም እግር ላይ ነው። ተጫንኩት፤ የጣቴ ጉድጓድ ቀረ። 20 ድረስ ቆጥሬ ገና አልሞላም ነበር። ትራስ አንድ ነው። ትንፋሿ ደህና ነው። ፊቷ አያብጥም። አረፋውን ግን አይቼ አላውቅም።

ፋርማሲስቱ | 4፡58

መድኃኒቱ ከፍ ያለው ከሁለት ወር በፊት ነው፤ እብጠቱ የጀመረውም ያኔ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አምሎዲፒን ትንንሾቹን የደም ቅዳ ቧንቧዎች ያሰፋል፤ ግፊት የሚቀንሰው በዚህ ነው። ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱትን ግን በዚያው ልክ አያሰፋቸውም። ስለዚህ በቀጭኖቹ ቧንቧዎች ውስጥ ግፊት ይጨምርና ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቀኑን ሙሉ ስትቆም ወይም ስትቀመጥ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚያብጠው። በ5 ከሚታየው ይልቅ በ10 ላይ በብዛት ያጋጥማል። የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሐኪሟ ሊያስተካክለው ይችላል። አደራ፣ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪባት። ግፊቷ ድንገት ቢወጣ ከእግር እብጠት የከፋ ነገር ይመጣል።

አሁን ወደ ቫይታሚን ሲ። አዋቂ ሴት በቀን 75 ሚሊ ግራም ይበቃታል፤ ወንድ 90። አንድ ግራም በአንዴ ሲዋጥ አንጀት የሚቀበለው ግማሹን ገደማ ነው። ደም ውስጥ የገባውም ሲሞላ ኩላሊት ትርፉን ወደ ሽንት ይለቀዋል። "ያሸናል" የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ቫይታሚኑ በሽንት መውጣቱ እውነት ነው። የቋጠረውን ውሃ ይዞ ይወጣል የሚለው ግን በስሌት አይቆምም።

ቁጥሩን እንየው። ኩላሊት በቀን ከ600 እስከ 900 ሚሊኦስሞል (የሟሟ ነገር ብዛት መለኪያ ነው) የሚሆን ጨው፣ ዩሪያና ሌላ የሟሟ ነገር ያስወጣል። ሽንት ውሃ የሚይዘው በዚህ መጠን ነው። አንድ ግራም ቫይታሚን ሲ 5.7 ገደማ ነው። አንዷም ሳትቀር ሽንት ውስጥ ብትገባ እንኳ ከዕለቱ 1 በመቶ አትሞላም። የምትጎትተው ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ አካባቢ ማለት ነው። እግር የሚያጎድል ሽንት ከዚህ አይወጣም።

ታዲያ እማማ ሌሊት ለምን ይመላለሳሉ? መጀመሪያ ኩባያውን አስቢው። ልትተኛ ስትል ትልቅ ኩባያ ውሃ እየጠጣች ነው፤ እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ያስነሳል። ቀጥሎ እብጠቱ ራሱ አለ። ቀን እግሯ ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ስትጋደም ወደ ደም ይመለሳል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ፊኛዋ ይሞላል። እግሩ የሚያብጥ ሰው ሌሊት ሽንት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከዚህ ሌላ ቫይታሚን ሲ አሲድ ነው፤ ፊኛቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎች ብዙ ሲወስዱ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል። ቶሎ ቶሎ መሽናትና ብዙ መሽናት ደግሞ ይለያያሉ።

የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ያ የሚፈላው ኪኒን የሚፈላው ቤኪንግ ሶዳ ስላለው ነው። ሶዳው ሶዲየም ነው፤ ከገበታ ጨው ጋር አንድ ቤት። በአንድ ፍሬ 200 ወይም 300 ሚሊ ግራም ሶዲየም የያዙ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 በታች ነው። ግፊት ላለባትና እግሯ ለሚያብጥ እናት በቀን ሁለት ማለት ሳናውቀው ጨው ማብላት ነው። ሶዲየም ውሃ ይይዛል። ቱቦው ጀርባ ላይ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቢና ንገሪኝ።

የእማዬ ልጅ | 5፡07

በስልኬ መብራት አነበብኩት። ሶዲየም 276 ይላል በአንዱ። በሁለቱ 552። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ወጥ ውስጥ ጨው እየከለከልኳት!

ፋርማሲስቱ | 5፡11

አይዞሽ፤ ለማዳን ብለሽ ነው ያደረግሽው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ተይው። ነገ ግፊቷን አስለኪ።

ቀበና 22 | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ ላሲክስ የሚባለውን ማሸኛ ገዝታ ብትሰጣትስ? የእኔ አባት በሱ ነው የዳኑት።

ፋርማሲስቱ | 2፡15

ወንድሜ፣ አባትህ ምናልባት ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ለሱ ላሲክስ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ከአምሎዲፒን የሚመጣ እብጠት ግን ውሃ በዝቶ ሳይሆን ቦታውን ስቶ ነው። ማሸኛ እምብዛም አይነካውም። ይልቅ ፖታሲየሟን ያጥባል፣ ስትነሳ ያዞራታል፣ በዚያ ጨለማ ግቢ ውስጥ ይጥላታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም።

ዝንጅብል በማር | 2፡30

እሺ፣ የእኔስ እብጠት በምን ጎደለ?

ፋርማሲስቱ | 2፡44

ራስሽ ጽፈሽዋል። ጨው ተውኩ ብለሻል። እኔ እሱን ነው የማመሰግነው። ሽንትሽ የበዛውም ውሃ በደንብ ስለጠጣሽ ነው።

ከሪያድ | 4፡05

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ ሰው ቤት ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። ልብስ ስተኩስ ማታ ማታ እግሬ ከነጠላ ጫማው ይተርፋል። ጓደኛዬ ቫይታሚን ሲ ያሸናል ብላ በቀን ሁለት ባለ 1000 አስጀመረችኝ። አንድ ዓመት ወሰድኩት። ውሃ ግን አልጠጣም ነበር። ሥራ ላይ ሽንት ቤት መመላለስ ያሳፍረኛል፤ ያዩኛል ብዬ። ሙቀቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አንድ ሌሊት ጎኔን ያዘኝ። ከወገቤ ተነስቶ ወደ ብልቴ የሚወርድ ሕመም። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ምጥ ነው የመሰለኝ፤ ልጅ የወለድኩ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ የኩላሊት ጠጠር ነው አሉ። ሐኪሙ የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ሲለኝ ጠርሙሱን አሳየሁት። "ይሄን አቁሚ፣ ውሃ ጠጪ" አለኝ። ሌላ አላለኝም። እስካሁን አሳቡ ውስጤ አለ። በቫይታሚን ጠጠር ይመጣል እንዴ?

ፋርማሲስቱ | 4፡40

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። አዎ፣ ግንኙነት አለው። ሰውነታችን ከቫይታሚን ሲ ከፊሉን ወደ ኦክሳሌት ይለውጠዋል። ኦክሳሌት ከካልሲየም ጋር ሲጋጠም ጠጠር ይሆናል፤ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የዚህ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን የወጣ ጥናት ከ23 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ11 ዓመት ተከታትሎ ነበር። የቫይታሚን ሲ ኪኒን የሚወስዱት ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ በሴቶች ላይ አይደለም። ያንቺም ጠጠር ከምን እንደተሠራ ካልተመረመረ በቫይታሚኑ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ላብና ውሃ ማነስ ብቻቸውን ጠጠር ይሠራሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ከበድ ይላል።

ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 2000 ሚሊ ግራም ነው። አንቺ ጣሪያው ላይ ዓመት ቆይተሻል። እባክሽ ውሃ ጠጪ። ሽንትሽ ነጣ እስኪል ድረስ ጠጪ። ሽንት ቤት መሄድ ነውር የለውም። እግርሽ ደግሞ ከመቆም ብዛት ከሆነ፣ ማታ ስትተኚ ከልብሽ ከፍ አድርገሽ ትራስ ላይ ስቀይው።

ከሪያድ | 4፡52

እሺ ወንድሜ። ተባረክ። ጠርሙስ ገዝቼ ኩሽና አስቀምጣለሁ።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ | 8፡30

ልጆቼ፣ ቫይታሚን ሲ እብጠት ሲያጎድል በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልንገራችሁ።

በ77ቱ ድርቅ ከአገር ወጥቼ ምሥራቅ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ነበርኩ። የሚታደለን እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር። እርጥብ ነገር የለም። ሎሚ የለ፣ ጎመን የለ፣ ቃሪያ የለ። ከወራት በኋላ ሰው እግሩን መዘርጋት አቃተው። ጉልበቱ ያብጣል፣ ባቱ ይደድራል፣ ቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል። ድዱ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ይደማል። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ እንደ ሕፃን ይዳዳ ነበር። ሐኪሞቹ ሲመጡ ስከርቪ ነው አሉ። ኪኒኑን አደሉን። ድዱ በቀናት ውስጥ መድማቱን ተወ፤ ያ ጎልማሳ በሁለተኛው ሳምንት ዱላ ይዞ ቆመ።

ያ እብጠት የመጣው ከቫይታሚኑ እጦት ነው፤ ስለዚህ በቫይታሚኑ ሄደ። የጠያቂዋ እናት ግን ቤቷ ቃሪያም ሎሚም ያለ ይመስለኛል።

ፋርማሲስቱ | 9፡02

ጋሼ፣ ስላካፈሉን ከልብ አመሰግናለሁ። በነዚያ ዓመታት በሱዳንና በሶማሊያ መጠለያዎች በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የታየው ስከርቪ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። እርስዎ ያዩት እሱን ነው። ቫይታሚን ሲ የደም ቧንቧን ግድግዳ የሚያጠነክረውን ኮላጅን ለመሥራት ያስፈልጋል። ሲጠፋ ቧንቧው ይላላል፣ ደምና ፈሳሽ ይሰርጋል። ጄምስ ሊንድ የሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 አሥራ ሁለት ሕመምተኛ መርከበኞችን ለስድስት ከፍሎ ሲሞክር፣ ፈጥነው የተነሡት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነው፤ በቀን 10 ሚሊ ግራም እንኳ ይከላከለዋል።

ቃሪያ ካነሡልን አይቀር፣ ጥሬ ቃሪያ በክብደት ከብርቱካን ይበልጣል። አንድ ዘይቱን ብቻውን የቀኑን ይሞላል። ከእንጀራ ጋር አንድ ስንግ ቃሪያ የበላ ሰው ኪኒን ፍለጋ መሄድ የለበትም። ሲበስል ግን ብዙው ይጠፋል፤ በተለይ ጎመን ቀቅለን ውሃውን ስንደፋው።

ቢጫ ወባ አይደለሁም | 9፡20

እኔ ቫይታሚን ስወስድ ሽንቴ እንደ ፋንታ ብጫ ይሆናል። ኩላሊቴ ነው? ያስፈራኛል።

ፋርማሲስቱ | 9፡26

መልቲቫይታሚን ነው አይደል የምትወስደው? ብጫው ቢ2 ነው። ጉዳት የለውም።

የላብራቶሪ ሰው | 11፡15

እኔ ከጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የእማዬ ልጅ ለምርመራ ልትወስዳት ስለሆነ ይጠቅማታል።

ሽንት ውስጥ የምንነክራት ባለ ቀለም ወረቀት አለች። ስኳር፣ ደም፣ ፕሮቲን፣ ኢንፌክሽን የምናየው በሷ ነው። ብዙ ቫይታሚን ሲ ሽንት ውስጥ ካለ ወረቀቷን ያሳስታታል። ስኳር ወይም ደም እያለ ቀለሟ ሳይቀየር ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሽንታቸው ለዓይን ቀላ ብሎ ወረቀቷ ላይ ምንም አልታየም። ግራ ገባኝ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ቀይ የደም ሴል ሞልቶታል። ስጠይቃቸው ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ቫይታሚን ሲ ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ።

ስለዚህ ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት አቁሙ፤ መውሰዳችሁንም ተናገሩ። ሰው ቫይታሚንን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው አይነግረንም። ተጎድተን የምናውቀው በዚህ ነው።

አዲስ እናት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ፣ ርዕሱ ውስጥ ልግባ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እግሬ አብጧል፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ እጄና ፊቴ። ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። አማቴ የሎሚ ውሃ ጠጪ ያወርደዋል አሉኝ። ምንም አይልም አይደል?

ፋርማሲስቱ | 1፡34

እህቴ፣ ሎሚውን ተይውና ይሄን መልሺልኝ። ራስምታት አለሽ? ዓይንሽ ብዥ ይላል ወይ ብልጭ ብልጭ? ከጎድን አጥንትሽ ሥር በቀኝ በኩል ያምሻል?

አዲስ እናት | 1፡41

ራሴን ከጠዋት ጀምሮ ያመኛል። ዓይኔ ግን ደህና ነው።

ፋርማሲስቱ | 1፡43

አሁኑኑ ሂጂ። ነገ አትበይ። በነፍሰ ጡር ላይ ፊትና እጅ ድንገት ማበጥ ከራስምታት ጋር ከመጣ ግፊት መለካትና ሽንት ላይ ፕሮቲን ማየት ግድ ነው። ማታም ክፍት የሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ። ደርሰሽ ጻፊልን።

ዝንጅብል በማር | 1፡50

እህቴ፣ የት ሰፈር ነሽ? ቅርብ ከሆንሽ መኪና አለኝ፣ አደርስሻለሁ።

አዲስ እናት | 5፡55

ባለቤቴ ወሰደኝ። ግፊቴ 150 በ100 ነው፤ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን አለ። አስተኝተውኛል፤ መድኃኒት ጀምረውልኛል። የልጁ የልብ ምት ደህና ነው ብለውኛል። አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ነው። እግዜር ይስጣችሁ።

የእማዬ ልጅ | ከ10 ቀን በኋላ

ተመለስኩ። እማዬን ወሰድኳት። ቫይታሚኑን አራት ቀን ካቆመች በኋላ ነው የተመረመረችው፤ የላብራቶሪው ወንድሜ እንዳለው። ሽንቷ ላይ ምንም የለም፣ የኩላሊት ምርመራዋ ደህና ነው፣ ልቧንም አዳመጧት። ሐኪሟ እግሯን ተጭና አየችና "ከአምሎዲፒኑ ነው" አለች። ወደ 5 መልሳ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመረችላት። ስለሚፈላው ስነግራት ቱቦውን ተቀብላ አነበበችና ለሌሎችም እነግራለሁ አለች።

አሁን ሌሊት አንድ ጊዜ ነው የምትነሳው። ትናንት ማታ ካልሲዋን አወለቅኩላት። ቀለበቱ አለ፤ ግን ስስ ሆኗል፤ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ጠፍቷል። ቁርጭምጭሚቷ አጥንቱ ይታያል። ራሷም ጎንበስ ብላ አየችው።

አዲሱን ኪኒን ስትወስድ የምጠብቀው ነገር አለ?

ፋርማሲስቱ | በዚያው ቀን

እልል! ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሳሉ ከያዛት ለሐኪሟ ንገሪ፤ ሌላ አለ። ከንፈሯ ወይም ምላሷ ካበጠ ግን መድኃኒቱን አትስጫት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ውሰጃት። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይደገማል፤ ቀጠሮው እንዳያመልጣችሁ።